ስቲቭ ቢኮ፤ ሕይወቱ፣ አሟሟቱና የሐኪም ምስክርነት

በፖሊስ እጅ ያለ እስረኛ የደረሰበትን በደል ለሌላ ሰው የሚያስረዳበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ጠባቂዎቹ የተናገሩት በመዝገብ ይሰፍራል፤ እርሱ የተናገረው ግን ከክፍሉ ግድግዳ አያልፍም። ገላውን ገልጦ ቁስሉን አይቶ፣ ያየውንም በፊርማው አረጋግጦ ለዳኛ ሊያቀርብ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ሐኪም ነው። የደቡብ አፍሪካው ስቲቭ ቢኮ በዓለም ዘንድ የታወቀው በአብዛኛው የዘር አድልዎን በመቃወም ባደረገው ትግል ነው። ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች ግን ታሪኩ ሌላም የሚነግረን ነገር አለው፤ ይኸውም የገደሉት ፖሊሶች ከተጠያቂነት ካመለጡባቸው ምክንያቶች አንዱ በሐኪም እጅ የተጻፈ ወረቀት መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንቱ ስቲቨን ቢኮ ዲሴምበር 18 ቀን 1946 በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ታርካስታድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገው በዚያን ጊዜ ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ትባል በነበረችው ከተማ አጠገብ፣ ጂንስበርግ በሚባለው የጥቁሮች መንደር ነው። አባቱ በፖሊስነት፣ ኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በ1950 ስለሞቱ የቤተሰቡ ኑሮ በእናቲቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እናቱ ወይዘሮ አሊስ በነጮች ቤት በሠራተኛነት፣ ከዚያም በከተማው ሆስፒታል በወጥ ቤት ሠራተኛነት እየደከሙ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ቢኮ ከፖሊስ ጋር የተዋወቀው ገና በተማሪነቱ ነው። በ1963 ላቭዴል በሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ገብቶ ሳለ ታላቅ ወንድሙ በፖለቲካ ተጠርጥሮ ታሰረ። የ16 ዓመቱ ልጅም በፖሊስ ተይዞ ተመረመረ፤ ምንም ጥፋት ባይገኝበትም ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። ትምህርቱን ማሪያንሂል በሚገኘው የካቶሊክ ኮሌጅ ከጨረሰ በኋላ በ1966 ደርባን ወደሚገኘው የናታል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። የገባውም ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎች ተለይቶ በተመደበው ክፍል ነበር። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ አስተዳደር ጉዳይ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የከሰሱበት ክርክር፣ ከሳሾቹ በነገሩ የሕግ መብት የላቸውም ተብሎ ተዘጋ። ለጥቁር ሕዝብ የሚቆም ዳኛ በአገር ውስጥም በውጭም የታጣበት ዘመን ነበር ለማለት ይቻላል።

በ1967 የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ግራሃምስታውን ላይ በተሰበሰበ ጊዜ ጥቁሮቹ ልዑካን በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዳያድሩ ተከለከሉ፤ ነጮቹ ግን በግቢው ውስጥ አደሩ። በዘር መለያየትን እንቃወማለን የሚሉ ጓደኞቹ ስብሰባውን ለማቋረጥ አለመፍቀዳቸውን ቢኮ ካየ በኋላ፣ ጥቁሮች የራሳቸው ማኅበር ሊኖራቸው ይገባል ከሚለው ሐሳብ ላይ ደረሰ። በ1969 የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ድርጅት በይፋ ሲመሠረትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በድርጅቱ ጋዜጣ ላይ ፍራንክ ቶክ በሚል የብዕር ስም በሚያወጣቸው ጽሑፎች ያስተማረው ዋና ነገር፣ የተጨቋኝ ሰው ነፃነት የሚጀምረው ራሱን ዝቅ አድርጎ ማየቱን ከመተው ነው የሚል ነበር። ጥቁር ሲልም አፍሪካውያንን ብቻ ሳይሆን በአድልዎው ሕግ የተጨቆኑትን ሕንዶችና ክልሶች ጭምር ማለቱ ነው።

በ1972 ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ተሰናበተ። ምንም እንኳ ሐኪም ሳይሆን ቢቀር፣ ከሕክምና ሥራ ግን አልራቀም። በ1973 መንግሥት ከኪንግ ዊሊያምስ ታውን ወረዳ እንዳይወጣ፣ በስብሰባ ላይ እንዳይናገር፣ ጽሑፉም እንዳይታተም በትእዛዝ ሲያግደው፣ በዚያው በተወሰነበት ስፍራ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሕዝብ አገልግሎት ድርጅት አቋቋመ። ከሥራዎቹም ሁሉ የሚታወሰው በ1975 ዚንዮካ በተባለ መንደር የተከፈተው የዛኔምፒሎ የጤና ጣቢያ ነው። ጣቢያውን የመሩት ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ማምፌላ ራምፌሌ ነበሩ፤ አገልግሎቱም ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና በአካባቢው ሐኪም አይተው ለማያውቁ ገበሬዎች ደረሰ።

በዚህ ዘመን የጸጥታ ፖሊስ ሥልጣን ገደብ አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1967 የወጣው የሽብር ሕግ 6ኛ አንቀጽ ማንኛውንም ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ ጠበቃም ሆነ የራሱን ሐኪም ሳያገኝ፣ ጊዜው ሳይወሰን ለማሰር ይፈቅድ ነበር። ከቢኮ በፊት በእንዲህ ያለ እስር ላይ ሳሉ የሞቱት ከአርባ ያላነሱ ናቸው። የቅርብ ባልደረባው ማፔትላ ሞሃፒ በኦገስት 1976 በፖሊስ ጣቢያ ሲሞት ራሱን ሰቀለ ተባለ፤ የአሟሟቱን ጉዳይ የመረመረው ችሎትም ተጠያቂ የሚሆን ሰው የለም ሲል ወሰነ። ቢኮ ራሱም በዚያው ዓመት 101 ቀን ታስሮ ተለቀቀ።

ኦገስት 18 ቀን 1977 ከጓደኛው ከፒተር ጆንስ ጋር ከኬፕ ታውን ሲመለሱ ግራሃምስታውን አጠገብ በፖሊስ ኬላ ተያዙ። ቢኮ ወደ ፖርት ኤልሳቤጥ ተወስዶ በዎልመር ፖሊስ ጣቢያ ልብሱን ተገፎ ለብቻው ሃያ ቀን ያህል ታሰረ። ሴፕቴምበር 6 ቀን የጸጥታ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ወደነበረበት ሳንላም ሕንፃ፣ ወደ 619 ቁጥር ክፍል አመጡት። በዚያም በምርመራ ላይ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ከጉዳቱም በኋላ እጁና እግሩ በሰንሰለት ከመስኮት ፍርግርግ ጋር ታስሮ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት የወረዳው መንግሥት ሐኪም ዶክተር አይቨር ላንግ ተጠሩ። ከንፈሩ ላይ ቁስል፣ ደረቱ ላይ ሰንበር፣ በእጆቹና በእግሮቹ ላይ እብጠት አዩ፤ አንደበቱ መተሳሰሩንና አካሄዱ መንገዳገዱንም አስተዋሉ። ይሁን እንጂ የፖሊሱ አዛዥ ኮሎኔል ፒተር ጉሰን የምስክር ወረቀት በጠየቋቸው ጊዜ፣ በእስረኛው ላይ ከጤና ውጭ የሆነ ምልክት አላገኘሁም ብለው ፈረሙ። በሦስተኛው ቀን አለቃቸው ዶክተር ቤንጃሚን ታከር በሽተኛውን ሲመረምሩ የእግሩ መዳፍ የሚሰጠው ምላሽ የአንጎል ጉዳትን የሚያመለክት ሆኖ አገኙት። የተጠሩት የውስጥ ደዌ ሐኪምም ከአከርካሪው ፈሳሽ ቀዱ፤ በፈሳሹም ውስጥ ደም ተገኘ። የሕክምና ተማሪ እንኳ የማይስተው ምልክት ነበር። ሆኖም በመዝገቡ ላይ ውጤቱ ደኅና ነው ተብሎ ተጻፈና በሽተኛው ወደ ጣቢያው ተመልሶ በሲሚንቶ ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ተጋደመ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን ከሰዓት በኋላ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ ተዝለፍልፎ ተገኘ። ዶክተር ታከር በከተማው ሆስፒታል እንዲተኛ ቢያስቡም ኮሎኔሉ ያመልጣል ብለው ስላልፈቀዱ፣ ወደ ፕሪቶሪያ እስር ቤት በመኪና እንዲወሰድ ተስማሙ። ራቁቱን በላንድሮቨር ወለል ላይ ተኝቶ፣ አስታማሚም የሕክምና ማስረጃም ሳይኖረው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሌሊቱን ተጓዘ። ሴፕቴምበር 12 ቀን ሌሊት በፕሪቶሪያ እስር ቤት አረፈ። ዕድሜው 30 ዓመት ነበር።

የፍትሕ ሚኒስትሩ ጄምስ ክሩገር ሟቹ ምግብ አልበላም ብሎ እንደነበር በመግለጽ የሞቱ ምክንያት የረሃብ አድማ ይመስል ዘንድ ለማድረግ ሞከሩ። ይህን ሐሰት ያፈረሰው የአስከሬን ምርመራ ነው። የመንግሥቱ ሐኪም ዶክተር ሎብሰር፣ ቤተሰቡ የወከላቸው ዶክተር ጆናታን ግሉክማን ባሉበት ባደረጉት ምርመራ የሞቱ መነሻ የአንጎል ጉዳት መሆኑ ተረጋገጠ። በሕይወት ሳለ የሐኪሞቹ ወረቀት የደበቀውን፣ ከሞተ በኋላ የሌሎች ሐኪሞች ወረቀት ገለጠው።

የአሟሟቱ ጉዳይ በኖቬምበር 1977 ፕሪቶሪያ በተሰየመ ችሎት ለ13 ቀናት ተሰማ። የቤተሰቡ ጠበቃ ሲድኒ ኬንትሪጅ ፖሊሶቹንና ሐኪሞቹን በጥብቅ መስቀለኛ ጥያቄ አፋጠጧቸው። ፖሊሶቹ እስረኛው ራሱ ግብግብ ፈጥሮ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ አሉ። ዳኛው ማርቲነስ ፕሪንስ ዲሴምበር 2 ቀን ባሰሙት አጭር ውሳኔ፣ ጉዳቱ ከፖሊሶች ጋር በተደረገ ግብግብ የደረሰ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸው፣ በወንጀል የሚጠየቅ ሰው የለም አሉ። በ1979 መንግሥት ለቤተሰቡ 65,000 ራንድ ቢከፍልም ጥፋቱን ግን አላመነም።

የአገሪቱ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ምክር ቤትም በ1980 በሐኪሞቹ ላይ የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም ሲል ወሰነ፤ የሐኪሞች ማኅበሩም ውሳኔውን ደገፈ። አንዳንድ ሐኪሞች ግን በዚህ አልረኩም። ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ኤምስ፣ ፊሊፕ ቶቢያስና ትሬፈር ጄንኪንስ በአንድ ወገን፣ ዶክተር ዩሱፍ ቬሪያቫ፣ ዱሚሳኒ ምዛማኔና ቲም ዊልሰን በሌላ ወገን ሆነው ምክር ቤቱን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጃኑዋሪ 1985 ምክር ቤቱ ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዘ። በዚያው ዓመት ዶክተር ላንግ ተግሣጽ ተሰጣቸው፤ ዶክተር ታከርም ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዙ። ዶክተር ታከር ጥፋታቸውን በይፋ አምነው ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ በ1991 ወደ መዝገቡ ተመልሰዋል። የሐኪሞች ማኅበሩም በ1995 በአፓርታይድ ዘመን ስላደረገውና ሳያደርግ ስለቀረው ይቅርታ ጠይቋል።

የፖሊሶቹን ጉዳይ በተመለከተ፣ በምርመራው የተካፈሉት አምስት መኮንኖች ለእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን የምሕረት ማመልከቻ አቀረቡ፤ ለመጀመሪያው ችሎት በመሐላ የሰጡት ቃል ሐሰት እንደነበረበትም አመኑ። ሙሉውን እውነት አልተናገሩም በመባሉ ምሕረቱ በ1999 ተከለከለ፤ በ2003 ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይበቃም ብሎ ክስ ሳይመሠርት ቀረ። ከሞተ ልክ 48 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025፣ የአሟሟቱ ምርመራ ቀድሞ ፖርት ኤልሳቤጥ ትባል በነበረችው ከተማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደገና ተከፈተ። እስከዚያች ቀን ድረስ በቢኮ ሞት ምክንያት ለፍርድ የቀረበ አንድም ፖሊስ አልነበረም።

እነዚህ ሐኪሞች እስረኛውን አልደበደቡትም። ያደረጉት አዛዡ የፈለገውን መጻፍና አዛዡ የከለከለውን አለማዘዝ ብቻ ነበር። ዳኛው በሚፈርድበት ጊዜ ከፊቱ የሚያገኘው ግን ይኸው የተጻፈው ስለሆነ፣ ሐኪሙ የደበቀውን ቁስል ሕግ ሊያየው አይችልም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1975 ቶኪዮ ላይ ባወጣው መግለጫ ሐኪም በማሠቃየት ተግባር ከቶ እንዳይተባበር ደንግጎ ነበር፤ ቢኮ የሞተው ይህ ከተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ደንቡ ሕይወት ያገኘው ስድስት ሐኪሞች የሥራ ባልደረቦቻቸውን ለመክሰስ በደፈሩ ጊዜ ነበር። እስረኛ አምጥተውልን ወረቀት እንድንፈርም በምንጠየቅበት ሰዓት ሁሉ፣ ይህ የሙያችን ጓደኛ ሊሆን የነበረ ወጣት ከፊታችን እንደተጋደመ ልናስብ ይገባል።