ሙሴ ማይሞኒዴስ፤ ከድካሙ ፍሬ የበላ መምህር

ሙሴ ማይሞኒዴስ የተባለው የአይሁድ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1138 ዓ.ም. ገደማ በእስፓንያ አገር በኮርዶባ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይሞን የሕግ ሊቅና ዳኛ ስለ ነበረ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጻሕፍትን አስተማረው። ነገር ግን በ1148 አልሞሐድ የተባሉት የሰሜን አፍሪካ ገዢዎች ከተማይቱን ይዘው የሌላውን ሃይማኖት ተከታይ ስለ አስጨነቁ፥ ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ተሰደደ። በሞሮኮም በፌዝ ከተማ ጥቂት ዘመን ከቈየ በኋላ በ1165 ወደ ቅድስት አገር ተሻገረ፤ በመጨረሻም በግብጽ በፉስጣጥ ኑሮውን መሠረተ።

በዚያም ታናሽ ወንድሙ ዳዊት በከበረ ድንጋይ ንግድ ቤቱን ስለሚመግብ፥ ሙሴ ጊዜውን ለትምህርትና ለድርሰት አዋለ። ዳዊት ግን ለንግድ ሲጓዝ በህንድ ውቅያኖስ ሰጠመ፤ የቤቱ ሀብትና የሌሎች ሰዎች ገንዘብም አብሮት ጠፋ። ሙሴ ከኀዘን ብዛት አንድ ዓመት ያህል ታሞ ተኛ። የወንድሙ ሚስትና ታናሽ ልጅዋም በእርሱ እጅ ቀሩ።

በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት ከምእመናን መዋጮ ይኖሩ ነበር። እርሱ ግን ይህን ትቶ ሕክምናን መተዳደሪያው አደረገ። ዝናው ከፍ ባለ ጊዜ በየዕለቱ ወደ ካይሮ ቤተ መንግሥት ሄዶ ሲመለስ ደጁን በበሽተኞች ተሞልቶ ያገኘው ነበር፤ እስከ ሌሊትም ያክማቸው፥ በሰንበትም ወገኖቹን ያስተምር ነበር።

በ14 መጻሕፍት በከፈለው በታላቁ የሕግ ድርሰቱ፥ መዝሙረ ዳዊትን ምስክር አድርጎ፥ የተማረ ሰው በምጽዋት ከመኖር ይልቅ በእጁ ሥራ እንዲያድር አዘዘ። ሆኖም ሀብትን አልናቀም፤ ሰው ያለውን ሁሉ በትኖ በሌላው ላይ ሸክም እንዳይሆን አስጠነቀቀ። ምጽዋትንም በ8 ደረጃ ሲከፍል፥ ድኻውን በብድር፥ በሽርክና ወይም ሥራ በመስጠት እጁን ከመዘርጋት የሚያድነውን ከሁሉ በላይ አደረገ። ይህንንም የደከመውን ወንድም መደገፍ ከሚያዘው ከኦሪት ዘሌዋውያን አወጣው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሕፃናትን መምህር ዋጋ አልከለከለም፤ ልማዱ በሆነበት አገር ንባብ የሚያስተምር ደመወዙን እንዲቀበል ፈቀደ። በየከተማውም መምህር እንዲሾም፥ ለአንድ መምህር 25 ልጆች እንዲሰጡ፥ ከዚያ በላይ እስከ 40 ቢሆኑ ረዳት እንዲጨመር፥ ከ40 ቢያልፉ ሁለት መምህራን እንዲሆኑ የቀደሙትን ሊቃውንት ሥርዓት ተከትሎ ደነገገ። የነቀፈው ዕውቀትን የሥራ ፈትነት መሸፈኛ ማድረግን እንጂ የደከመ መምህር እንጀራውን መብላቱን አልነበረም።

ማይሞኒዴስ በ1204 ሞተ፤ እንደ ትውፊቱም በገሊላ በጥብርያዶስ ተቀበረ። የቤቱን ዕንቍ ባሕር ወሰደው፤ በእጁ የቀረው ሙያና ትምህርት ግን ቤተሰቡን መገበ፥ ለትውልድም ተረፈ።