ፀሐይን የጠየቀው ሽፍታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ብዙዎቻችን በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምንተወውን ነገር እንጽፋለን። ጫት እንተዋለን፤ መጠጥ እንተዋለን፤ ቂም እንተዋለን። ጥቅምት ሳይገባ ግን ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። እኛ የኒውላንድ ሰንበት ተማሪዎች ስለዚህ ነገር ስንወያይ፣ ምክንያቱ የፈቃዳችን ድካም ብቻ እንዳልሆነ አስተዋልን። ሥራችንን ለመለወጥ ስንነሣ፣ ያንን ሥራ የሚያሠራንን እምነት ሳንመረምር እንቀራለን። ከእኛ እጅግ አስቀድሞ ምርመራውን ያስቀደመ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ሰኔ 24 ቀን በዓሉን የምናከብርለት ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ነው።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። በዚያን ጊዜ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የጥቁር ሕዝብ አገር በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በግብፅ የአንድ ሹም አገልጋይ ሆኖ ሲኖር፣ በስርቆቱና በክፋቱ ምክንያት ጌታው ከቤቱ አባረረው፤ ከዚያ በኋላ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱም እጅግ ብርቱ ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ እረኛ ላይ ቂም ይዞ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ የሞላውን ዓባይ በዋና ተሻገረ። እረኛው ቢያመልጠው አራት አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ በዋና ተመለሰ። በከተማችን የሚያልፈው ባሮ በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባ ነው፤ ባሮ በክረምት ሲሞላ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ይህ ብርቱ ሰው ያመልክ የነበረው ፀሐይን ነው። ታሪኩን ልብ ብለን ስናነብ ግን፣ የምንኵስና ልብስ ከመልበሱ በፊት ያደረገውን አንድ ታላቅ ነገር እናገኛለን። ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ በእውነት አምላክ ከሆነች እንድትመልስለት ይጠይቃት ነበር። የማያውቀውንም አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ይለምን ነበር። ፀሐይ አልመለሰችም። በየቀኑ ትወጣለች፤ ትጠልቃለች፤ ስላፈሰሰው ደም ግን አንዳች አትናገረውም። የአስቄጥስ ገዳም መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ በሰማ ጊዜ ሰይፉን ታጥቆ ወደዚያ ሄደ። አባ ኤስድሮስ ባየው ጊዜ ደነገጠ፤ ሙሴ ግን የመጣው እውነተኛውን አምላክ እንዲያስታውቁት መሆኑን ነገረው። ኤስድሮስም ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ወሰደው፤ መቃርስም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሰይፉ ገና በወገቡ ሳለ ጥያቄው ቀድሞ ነበር።

እምነቱ ተለወጠ ማለት ግን ልማዱ በአንድ ቀን ለቀቀው ማለት አይደለም። መነኩሴ ከሆነ በኋላ የቀድሞው ኃጢአት ክፉኛ ተዋጋው። ተስፋ ሊቆርጥ በደረሰ ጊዜ አባ ኤስድሮስ ከንጋት በፊት ወደ ሰገነት አውጥቶ፣ ብርሃን ጨለማውን ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚያስለቅቀው እንዳሳየው ይተረካል። ቀድሞ አምላክ ያላት ፀሐይ በዚያ ጧት ትዕግሥትን አስተማረችው። በዚያ ጉልበቱም ሌሊት እየተነሣ ለሽማግሌዎቹ መነኮሳት ውኃ ይቀዳ ጀመር።

ለቅስና በታጨ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ወድዶ ካህናቱ እንዲያስወጡት አዘዘ። እነርሱም በጥቁረቱ እየሰደቡ አባረሩት፤ እርሱ ግን ሳይቆጣ ራሱን እየወቀሰ ወጣ፤ ኋላም ቅስናን ተቀበለ። ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በከተማችን ሰውን ቀይና ጥቁር ብሎ መከፋፈል እንደ ተራ ነገር ሲነገር እንሰማለን፤ እኛም የወንድማችንን ልክ በመልኩ የለካንበት ቀን አይጠፋም። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ እምነት ነው፤ ሳይመረመርም አብሮን አድጓል። ቤተ ክርስቲያን ግን ጸሊም፣ ማለትም ጥቁሩ፣ ብላ የምትጠራውን ሰው ከቅዱሳኗ ጋር ታከብረዋለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ405 ዓ.ም. ገደማ በርበሮች ገዳሙን ሊወሩ መጡ። አባ ሙሴ ሊሸሹ የወደዱትን አልከለከለም፤ እርሱ ግን በሰይፍ የኖረ ሰው የሰይፍ ዕዳ እንዳለበት ያምን ነበርና አልሸሸም። በ75 ዓመቱ ገደማ ከወንድሞቹ ጋር በሰማዕትነት ዐረፈ።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፤ የምንተወውን ስንጽፍ ከሥሩ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ይህን የሚያሠራኝ ምን ብዬ ባምን ነው? የሚጠጣው ካልጠጣ ጓደኞቹ የሚሸሹት ይመስለው ይሆናል፤ ቂም የያዘው ይቅርታ ሽንፈት ይመስለው ይሆናል። ያንን እምነት ሙሴ በፀሐይ ፊት እንደ ቆመ ፊት ለፊት ቆመን እንጠይቀው። መልስ ከሌለው እርሱን እንተወው፤ ልማዱንም ለመተው ያን ጊዜ አቅም እናገኛለን።

የአባታችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊም በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።