ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ

 

በዚህ ዕትም ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ሙስሊም አልነበሩም። ነገር ግን በየዶርማችን የምንከራከርበትን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት አንስተው በአማርኛ የመረመሩ ናቸው። ከሰላ ድንጋይ ወይም ከከሚሴ የተነሳች እህታችን ጅዳ ገብታ ያንኑ ልብስ ስታጥብ፣ ያንኑ ወለል ስትወለውል፣ እዚህ ታገኘው ከነበረው ብዙ እጥፍ ይከፈላታል። እጇም ጉልበቷም ያው ነው። ታዲያ ድንበር መሻገር ብቻውን እንዴት ደመወዝ ያበዛል? ከመካከላችን የሐበሻን ስንፍና የሚያነሳ አይጠፋም። ገብረ ሕይወት የሰጡት መልስ ግን ሌላ ነው።

የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ነው። አባታቸው ከአፄ ዮሐንስ ጋር መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በ1881 ሞቱ። ልጁ ምፅዋ አጠገብ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ቀን ወደቡ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ወጥተው እዚያው ተደብቀው ቀሩ። አውሮፓ ሲደርሱ የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ በዚያ ቤት አድገው ጀርመንኛ አጠናቀቁ፣ በርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገር ሲመለሱ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት አገለገሉ፤ ቀጥሎም የስደት ዓመታት መጡ።

በ1904 አስመራ ላይ ስለ አፄ ምኒልክ ዘመን የጻፉት ጽሑፍ ታተመ። በዚያ ውስጥ መንግሥት ሊያደርጋቸው ይገባል ያሏቸውን ነገሮች ዘርዝረዋል፦ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ፣ ግብር ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፣ ገንዘቡም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ትምህርት ቤት ይከፈት። የሃይማኖት ነፃነት መታወጁም ከእነዚህ አንዱ ነበር። አባታቸው መተማ ላይ የወደቁ ሰው ይህን መጠየቃቸው፣ በተለይም በቦሩ ሜዳ ዘመን ወላጆቻቸው ያዩትን ለሚያስታውስ ሙስሊም፣ ቀላል ነገር አይደለም።

በኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ ነጋድራስ የተባሉትም በዚህ ነው። ከባቡሩ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው የአገሪቱ ንግድ ፊት ለፊቱ ያልፋል፤ ቡናና ቆዳ ይወጣል፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይገባል። በመንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ንግዱን በብር ሳይሆን በሥራ ቀን መዘኑት። ሁለት ሕዝቦች ዕቃ ሲለዋወጡ የሚለዋወጡት ድካም ነው። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ሰዓት የሠራውን ይሰጣል፣ በባዶ እጁ የሚሠራው ደግሞ ለዚያ የብዙ ቀን ልፋቱን ያስረክባል። ስለዚህ ያልተማረ ሕዝብ፣ ማንም ሳይገዛው፣ ለተማረው ሕዝብ ሠራተኛ ሆኖ ይኖራል።

ወደ እኛ አገር እናምጣው። በሰላ ድንጋይና በመንዝ ደጋ ሴቶች የበግ ጠጉር ፈትለው ወንዶች ባና ይሠራሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ባና ከጠጉሩ እስከ መጨረሻው ሃያ ቀን ይፈጃል እንበል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው በሃያ ቀን የሚያወጣው ስንት ነው? ሸማኔው ግን ዋጋውን ገበያ ላይ ከዚያ ብርድ ልብስ ጋር ማስተያየት ግድ ይሆንበታል። ከፋብሪካው ሠራተኛ ይልቅ ቢደክምም ቀኑ ይረክሳል። ስንፍና የሚሉትን ወሬ ይህ ስሌት ብቻውን ያፈርሰዋል ብለን እናምናለን።

ዛሬ የገቢ ልዩነት የሚለካበት ጂኒ የሚባል ቁጥር አለ፤ 0 ፍጹም እኩልነት፣ 100 ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ማለት ነው። በዓለም ባንክ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ 35 ገደማ ሲሆን የደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 63 ነበር። ይህን አይቶ ደስ የሚለው ካለ ይታገስ፤ ብዙኃኑ በድህነት ሲቀራረብም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ትልቁ ገደል ያለው በአገርና በአገር መካከል ነው፤ ገብረ ሕይወትም ያተኮሩት እዚያ ላይ ነበር።

የውስጡን ግን አልዘለሉትም። ወታደርና ሹም በገበሬ ላብ ሲኖሩ፣ ገበሬው ያመረተው እንደሚወሰድበት ካወቀ ለምን ይበረታል ብለው ሞግተዋል። ሰላ ድንጋይ ራሷ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ስለነበረች፣ የደጋው ገብስ ወዴት ይጓዝ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አንድ ነገር ግን በእርሳቸው ስሌት አይፈታልንም። ሳዑዲ ውስጥ ያንኑ ሥራ ለምትሠራ ፊሊፒናዊት መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ400 ዶላር፣ ማለትም ከ1,500 ሪያል በታች እንዳትቀጠር ደንግጎ ነበር። ለኢትዮጵያዊቷ በስምምነት ተቀምጦ የነበረው 1,000 ሪያል ነበር። እዚህ መሣሪያውም ያው፣ ቤቱም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ከኋላዋ ቆሞ የሚደራደርላት መንግሥት ነው። መንግሥትን የመጽሐፋቸው ርዕስ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጡት ሰው ይህን ቢሰሙ ብዙ የሚገረሙ አይመስለንም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ሞቱ። መጽሐፉን ታትሞ አላዩትም፤ አዲስ አበባ ላይ የወጣው በ1916 ነው። በንግድ ላይ ያነሱትን ተመሳሳይ ሐሳብ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ለዓለም ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ሲሆን፣ በኢኮኖሚክስ ክፍል የምንማረውም የእርሱን ስም ነው። የገብረ ሕይወት ሥራዎች ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአንድ ጥራዝ ታትመዋል፤ ቀጭን መጽሐፍ ስለሆነ በሁለት ምሽት ይነበባል።