ፓል ቱራንና የጡብ ፋብሪካው ሐዲድ

ፓል ቱራን እ.ኤ.አ. በ1910 በቡዳፔስት ተወለደ። የመምህርነት ዲፕሎማ ይዞ፣ በ1935 ደግሞ ዶክትሬቱን ጨምሮ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ተማሪዎችን በግል እያስጠና የዕለት ጉርሱን ያገኝ ነበር።

ጦርነቱ መጣና ለግዳጅ ሥራ ተጋዘ። በሐምሌ 1944 የተመደበው ቡዳፔስት አጠገብ በሚገኝ ጡብ ፋብሪካ ነው። ምድጃው ብዙ፣ ማከማቻውም ብዙ፤ እያንዳንዱ ምድጃ ከእያንዳንዱ ማከማቻ ጋር በሐዲድ ተያይዟል። ጡብ የተጫነበትን ጋሪ መግፋቱስ እምብዛም አይከብድም። ጣጣው ሐዲድ ሐዲድን በሚያቋርጥበት ቦታ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ጋሪው ይዘላል፣ ጡቡ ይረግፋል። ሌላው ሰው ቢሆን ረግሞ ያልፋል። ቱራን ግን ላቡን እየጠረገ አሰበ፤ ማቋረጫዎቹን ከዚህ ማሳነስ አይቻልም ኖሯል? የሞት ጥላ ባንዣበበበት ዓመት እንዲህ ማሰቡ ይገርማል።

እስቲ 3 ምድጃና 3 ማከማቻ በወረቀት ላይ ሣሉ። 9 መስመር ይሆናል። ምንም ብትጠበቡ፣ መስመሮቹን እንዳሻችሁ ብታጣምሙ፣ አንድ ማቋረጫ አይቀርላችሁም። ከ9ኙ አንዱን፣ የትኛውንም ይሁን፣ ብታነሱ ግን ማቋረጫ የሌለበት ሥዕል ይገኛል። 4 በ4 ሲሆን ትንሹ ቁጥር 4 ነው።

ፖላንዳዊው ዛራንኪየቪች በ1954 ለማንኛውም ብዛት የሚያገለግል ቀመር አሳተመ፤ ቆይቶ ግን ማረጋገጫው ክፍተት ተገኘበት። በ1970 ክላይትማን ከሁለቱ ወገን አንዱ ከ6 ካልበለጠ ቀመሩ ትክክል መሆኑን አሳየ። አጠቃላዩ ጥያቄ ዛሬም አልተፈታም።

ሐዲድ የማንሳቱም ነገር ራሱን የቻለ ጥናት ሆኗል። አንዳንድ ሥዕል አለ፤ ማቋረጫው የቱንም ያህል ቢበዛ አንዲት መስመር ስትነሳ ድምጥማጡ ይጠፋል። ነገሩ የምትነሳዋን መስመር በመምረጥ ላይ ነው። ሪክተርና ቶማሰን በ1993 እንዳረጋገጡት፣ ማቋረጫው ብዙ በሆነ በማንኛውም ሥዕል ውስጥ ብትነሳም ከማቋረጫው ቁጥር ሁለት አምስተኛ ያህሉን የምታስቀር መስመር አትጠፋም።

ቱራን ከጦርነቱ ተርፎ በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የኮሹት ሽልማትንም ተቀበለ። በ1976 አረፈ። የጡብ ፋብሪካውን ታሪክ የጻፈበት አጭር ማስታወሻ የታተመው በማግሥቱ ዓመት፣ ስለ ግራፍ ጥናት በተቋቋመ አንድ አዲስ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ነው።