ማይክል ፋራዴይና የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ

በትምህርት ቤት በዓል ወይም በሠርግ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ነገር ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጊታር እንደ ክራራችን ሆዱ ባዶ ሆኖ ድምፅን በራሱ የሚያጎላ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ድፍን እንጨት ነው። ገመዱ ከተነቀለ ድምፁ ከአጠገብ ላለ ሰው እንኳ በጭንቅ ይሰማል። ድፍኑን እንጨት ያናገረው ዕውቀት የተገኘው ጊታሩ ከመሠራቱ 100 ዓመት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ያገኘውም ሰው ማይክል ፋራዴይ ነው። እኛም በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ታሪኩን በአጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቅጦ የሚኖር፣ ጤናውም የታወከ ድኻ ነበር። በአገራችን ባለ እጅን የመናቅ አጉል ልማድ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ዓፄ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ እስከ መከልከል እንደ ደረሱ እናውቃለን። የቀጥቃጭ ልጅ ለዓለም ምን እንዳበረከተ ከዚህ ታሪክ መመልከት ይቻላል።

ልጁ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመቁጠር በቀር ሌላ ትምህርት አልቀመሰም። በ13 ዓመቱ ለአንድ መጻሕፍት ሻጭ ተላላኪ ሆነ፤ በሚከተለውም ዓመት መጽሐፍ መጠረዝ ሊማር ለሰባት ዓመት ተቀጠረ። ሌላው ሠራተኛ የመጽሐፉን ጀርባ ሲሰፋ እርሱ ግን ውስጡን ጭምር ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አንብቦ ባገኛት ጥቂት ሳንቲም ዕቃ እየገዛ ይሞክር ጀመር።

በ1812 አንድ ደንበኛ በሰጠው የመግቢያ ወረቀት የታላቁን ኬሚስት የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት አዳመጠ። የሰማውንም በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮበት፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ መጀመሪያ የጠራዥነት ሥራውን እንዳይተው መከረው፤ ዳሩ ግን በ1813 አንድ ረዳት ከሥራ ሲወገድ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ቤተ ሙከራ ቀጠረው። እነሆ፣ ጥሩ የተማሪ ደብተር የሰውን ዕድል ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይኖርም።

በ1820 ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያነቃንቅ አስታወቀ። ፋራዴይም በ1821 ኤሌክትሪክ የተላከበትን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር አደረገ። ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴን ከወለደ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ለምን አይወልድም? ይህ ጥያቄ ዐሥር ዓመት ያህል አላስተኛውም። በኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅል ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ ጋር አገናኘው። በሌላው ጥቅል ዘንድ ያለው መርፌ ባትሪው ሲገናኝና ሲቋረጥ ብቻ ዘለል አለ፤ ኤሌክትሪኩ ሳይለወጥ ሲፈስ ግን ጸጥ አለ። በኦክቶበርም ማግኔትን በጥቅል ውስጥ አስገብቶ ሲያወጣ መርፌው እንደገና ተነቃነቀ። ምሥጢሩ ተገለጠ፤ ይኸውም ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለውጥ ሲኖር ነው።

ከዚህ በኋላ ልክ 100 ዓመት ሲሞላ፣ በ1931፣ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር በአሜሪካ በዚሁ ሕግ የሚሠራ ጊታር አወጡ። ከክሮቹ አጠገብ የሚገጠመው ዕቃ ፒክአፕ ይባላል፤ ቡናችንን ከሚጭነው መኪና ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ዕቃው ማግኔትና በርሱ ላይ በሺህ የሚቈጠር ዙር የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኀይል ይለዋወጣል፤ በሽቦውም ደካማ ኤሌክትሪክ ይመላለሳል። በሰከንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ክር 110 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አምፕሊፋየር ያበረታዋል፤ ስፒከሩም ወደ እንቅስቃሴ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። እንግዲህ የ1831 ግኝት ከጊታሩ ሥር፣ የ1821ም በስፒከሩ ውስጥ ይሠራል ማለት ነው። ክራር የሚጫወቱ ጓደኞቻችንም ይህን ያስተውሉ፤ የጅማት ወይም የናይለን ክር ማግኔትን አያውከውምና እንዲህ ያለው ፒክአፕ ቢገጠምለትም ዝም ይላል፤ የብረት ክር ያስፈልገዋል።

የድምፁም ጠባይ ከዚሁ ይመነጫል። ፒክአፑ ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ድምፁ ቀጭንና ስል፣ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ቶን የሚባለው ማዞሪያ በካፓሲተር አማካይነት ቀጭኑን ድምፅ እየቀነሰ ያለዝበዋል። የአገራችን የመብራት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ ይህንንም ሳይጠሩት ተቀብሎ ጉምጉምታ ያሰማል። በ1955 የጊብሰን ኩባንያ ሠራተኛ ሴት ላቨር ሁለት ጥቅሎችን፣ ማግኔታቸውንና አጠማጠማቸውን በተቃራኒ አድርጎ፣ አጣመረ፤ ጉምጉምታው እርስ በርሱ ሲጠፋፋ የክሩ ድምፅ ግን ተደመረ።

ፋራዴይ ዝናው ከገነነ በኋላ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢጠየቅ አልተቀበለም፤ የሰርነትንም ማዕረግ አልፈለገም። በ1825 በተጀመረው የገና ሰሞን ትምህርት ግን 19 ጊዜ በወጣቶች ፊት ቆሞ አስተምሯል። በሒሳብ ደካማ ስለ ነበር አሳቡን በሒሳብ የጻፈለት በኋላ የተነሣው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ስለዚህ ሒሳብን የምንሸሽ ተማሪዎች ፋራዴይን ምክንያት ልናደርግ አይገባም። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመሞታቸው ስምንት ወር ያህል አስቀድሞ፣ በኦገስት 25 ቀን 1867፣ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ኤሌክትሪክ ጊታርንም ሆነ የኤሌክትሪክ መብራት የሞላበትን ከተማ አላየም።

በዚህ በቡና አገር የምንማር ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲጎድለን ሳይንስ የሌሎች ነው ወደ ማለት እናዘነብላለን። ከተበላሹ ራዲዮኖች ሁለት ስፒከር አውጥተን በሁለት ረዘም ያሉ ሽቦዎች እናገናኛቸው። በአንዱ ላይ ቀረብ ብለን ብንናገር ያለ ምንም ባትሪ ሌላው በቀስታ ይሰማል፤ አንደኛው ፒክአፕ፣ ሁለተኛው ስፒከር ሆነ ማለት ነው። የሰማነውንም በደብተራችን እንጻፍ፤ የጠራዡ ልጅ ዕድል የተከፈተው በደብተር ነበርና።