በሹማምንት የተሸጡ፣ በሹማምንት የተመረጡ ንጉሥ፦ አስሐማ ነጃሺ (ረ.ዐ.)



የንጉሥ ነጃሺን ስም ያልሰማ አንባቢ በመካከላችን ይኖራል ተብሎ አይታሰብም። በመድረሳ የሚማር ሕፃን እንኳ የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች የተቀበለው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ታሪካቸው ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ከመካከሉ ተጀምሮ ነው፤ ስደተኞቹ ከደረሱበት ቀን። ንጉሡ ዙፋን ላይ እንዴት እንደወጡ፣ ማን እንደመረጣቸው፣ ማን እንዳመፀባቸው፣ የመረጧቸው ሰዎችም በኋላ ምን እንደፈለጉባቸው እምብዛም አይወሳም። እንግዲህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የሥልጣን ታሪካቸውን ከሥሩ ጀምረን አብረን እንመልከት። ይህ ካልታወቀ በስደተኞቹ ጉዳይ የሰጡትን ፍርድ በሚገባ መረዳት አይቻልምና።

ስማቸውና መንግሥታቸው

ነጃሺ የማዕረግ ስም እንጂ የግል ስም አይደለም። ነጋሢ የሚለው የግዕዝ ቃል በዐረብ አንደበት ነጃሺ ሆነ። ዐረቦች የሮምን ንጉሥ ቄሳር፣ የፋርስን ንጉሥ ኪስራ እንደሚሉት ሁሉ የሐበሻን ንጉሥ ነጃሺ ይሉ ነበር። የእኚህ ንጉሥ የተጸውዖ ስም በሐዲስ ኪታቦች አስሐማ ተብሎ ተመዝግቧል። መንግሥታቸው የአክሱም መንግሥት ነው። አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል ከባሕር ማዶ አገሮች ጋር ስትነግድ፣ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ በራሷ ነገሥታት ስም ስትቀርጽ የኖረች አገር ነበረች። የመካ ነጋዴዎችም አገሪቱን በወሬ ብቻ ሳይሆን በንግድ ያውቋት ነበር።

በልጆች ቁጥር የተደረገ ምርጫ

የንጉሡን የልጅነት ታሪክ የምናገኘው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተላልፎ የሲራ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ ከመዘገበው ነው። በዚሁ ዘገባ መሠረት የአስሐማ አባት የሐበሻ ንጉሥ ነበሩ። ከአስሐማ በቀር ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ወንድማቸው ግን 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት። የአገሩ ሹማምንት ተሰብስበው መከሩ። ምክራቸው ላይ ላዩን ሲያዩት ለአገር የታሰበ ይመስላል፤ የአንድ ልጅ አባት ቢነግሥ ዘሩ ሊቋረጥና አገር ሊበጠበጥ ይችላል፣ የ12 ልጆች አባት ቢነግሥ ግን መንግሥት ለረጅም ዘመን ይጸናል ብለው አሰሉ። ባሰሉትም መሠረት ንጉሡን ገደሉ፤ ወንድሙንም አነገሡ።

ልብ በሉ ውድ አንባቢያን! ይህ ምርጫ የተመሠረተው በችሎታም በፍትሕም አልነበረም። በልጆች ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ለማሟላት ደግሞ የሰው ደም ፈሰሰ።

ወላጅ አልባው ልጅ በአጎቱ ቤት አደገ። ብልህና አስተዋይ ስለነበር አጎቱ በሥራው ሁሉ ያማክረው፣ ከራሱ ልጆችም አብልጦ ያቀርበው ጀመር። ሹማምንቱ ይህን ባዩ ጊዜ ፍርሃት ገባቸው። አባቱን ገድለዋልና ልጁ ቢነግሥ እንደማይምራቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ወደ አጎቱ ቀርበው ልጁ እንዲገደል ወይም ከአገር እንዲወጣ ጠየቁ። አጎቱ ትናንት አባቱን፣ ዛሬ ደግሞ ልጁን መግደል ቢከብደው ከአገር እንዲወጣ ፈቀደ። ልጁንም ወደ ገበያ ወስደው ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ሸጡት። ነጋዴውም በመርከብ ጭኖ ይዞት ሄደ።

በዚያው ዕለት ማምሻውን ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናብም መጣ። አጎቱ ከደጅ እንደወጣ መብረቅ መታውና ሞተ። ሹማምንቱ ወደ 12 ልጆቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከመካከላቸው ግን ለንግሥና የሚበቃ አንድም አልተገኘም። የተመኩበት ቁጥር ከንቱ ሆነ፤ የአገሩም ነገር ተመሰቃቀለ። በዚህ ጊዜ ጠዋት የሸጡት ልጅ ትዝ አላቸው። ፈልገው አገኙት፤ ከነጋዴው እጅ ነጥቀው አመጡት፤ ዘውድ ጭነውም ዙፋን ላይ አስቀመጡት።

የመጀመሪያው ችሎት

አስሐማ የነገሡት እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያ ነጋዴ ገንዘቡን ሊጠይቅ መጣ። ሹማምንቱ አንድም ዲርሃም እንደማይከፍሉ ነገሩት። ነጋዴውም ጉዳዩን ለራሱ ለንጉሡ አቤት እንደሚል ገልጾላቸው ወደ ችሎት ቀረበ።

እስቲ የዚያን ችሎት ሁኔታ አስቡት። ከሳሹ ንጉሡን በገንዘብ የገዛ ሰው ነው። ተከሳሾቹ ንጉሡን የሸጡ፣ ኋላም ዘውድ የጫኑላቸው ሹማምንት ናቸው። ክርክሩ የተነሣው ደግሞ በንጉሡ በራሳቸው ዋጋ ነው። ንጉሡ ነጋዴውን እንደ ባሪያ ነጋሪ አዋርደው ቢያባርሩት ማንም አይናገራቸውም ነበር። በሹማምንቱ ላይ ቂማቸውን ቢወጡም ምክንያት አላጡም። እርሳቸው ግን ሁለቱንም አላደረጉም። ሹማምንቱ የነጋዴውን ገንዘብ እንዲመልሱ፣ አለዚያም ባሪያው እጁን በነጋዴው እጅ ላይ አኑሮ ወደፈለገው እንዲወስደው ፈረዱ። ባሪያው እርሳቸው መሆናቸው ነው። ሹማምንቱም ገንዘቡን ከፈሉ። ሲራው እንደሚነግረን የንጉሡ ፍትሐዊነት ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በዚህ ፍርድ ነው።

የስጦታው ፈተና

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ ሶሐቦች በመካ የሚደርስባቸው ሥቃይ በበረታ ጊዜ ማንም ወደማይበደልበት ንጉሥ ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሯቸው። በመጀመሪያ የወጡት 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ዑሥማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። ቆይቶም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ያሉበት ከ80 የሚበልጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆችም ተከተሉ።

ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን መልእክተኛ አድርገው ላኩ። የመልእክተኞቹ ስልት ዛሬም ለሚያየው የታወቀ ነው። በሐበሻ ዘንድ ተወዳጅ የነበረውን የመካ ቆዳ ጭነው መጡና ንጉሡን ከማነጋገራቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሹም ስጦታውን አደረሱ። በምላሹም ሹማምንቱ ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን እንዲመክሩ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ብቻ የንጉሡን ስጦታ አቀረቡ። ሹማምንቱም ስደተኞቹን ከራሳቸው ወገን ይልቅ የሚያውቃቸው እንደሌለ በመግለጽ እንደተባሉት መከሩ።

ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳወሱት ንጉሡ በዚህ ምክር ተቆጡ። ከሌላ ነገሥታት ይልቅ የእርሳቸውን ጥግ መርጠው የመጡ ሰዎች ቃላቸው ሳይሰማ ተላልፈው እንደማይሰጡ ማሉ። ስደተኞቹም ተጠሩ። ጃዕፈር ስለ ቀድሞ ሕይወታቸው፣ ስለ ነቢዩ ትምህርትና ስለደረሰባቸው በደል ገለጹ፤ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያም ቀሩ። ንጉሡ ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ። በማግሥቱ ዐምር ስደተኞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) የሚሉትን በማንሳት ሌላ ወጥመድ ቢዘረጋም አልተሳካለትም። ሹማምንቱ ቢያጉረመርሙም ንጉሡ ስደተኞቹ በአገሩ ያለ ስጋት እንዲኖሩ ፈቀዱ። የመልእክተኞቹ ስጦታም እንዲመለስ አዘዙ።

ስጦታውን ሲመልሱ የሰጡት ምክንያት አላህ መንግሥታቸውን ሲመልስላቸው ከእርሳቸው ጉቦ እንዳልተቀበለ፣ እርሳቸውም በመንግሥታቸው ጉቦ እንደማይቀበሉ የሚገልጽ ነበር። ይህን ቃል ያስተላለፉ ሰዎች ትርጉሙን አላወቁትም ነበር። ኋላ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ከአክስታቸው ከእናታችን ዓኢሻ የሰሙትን ያን የመሸጥና የመንገሥ ታሪክ በማውሳት ፈቱት። እንግዲህ የአባታቸው መገደል፣ የ600 ዲርሃሙ ሽያጭና የነጋዴው ችሎት ለምን እንደተነገረን አያችሁን? ሥልጣኑን በውለታ ያላገኘ ሰው በፍርድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። ሹማምንቱ ዘውድ ጭነውላቸዋል፤ ነገር ግን ወደው ሳይሆን ቸግሯቸው ነው። ንጉሡም ይህን ከቶ አልዘነጉም።

ሥልጣን ሲናወጥ

ይህ ፍርድ ያለ ዋጋ አልቀረም። አንድ ተቀናቃኝ ተነሥቶ መንግሥታቸውን ሊነጥቅ ጦር ይዞ መጣ። ኡሙ ሰለማ እንደሚሉት ስደተኞቹ በዚያን ጊዜ ያዘኑትን ያህል አዝነው አያውቁም፤ የእነርሱን መብት የማያውቅ ሰው ይነግሣል ብለው ፈርተዋልና። ጦርነቱ ከወንዝ ማዶ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም በተነፋ አቁማዳ ላይ ተንሳፍፎ ወንዙን ተሻገረና ውጊያውን ተመለከተ። የቀሩት ለንጉሡ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ዙበይርም የንጉሡን ድል ይዞ እየሮጠ ተመለሰ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ሕዝባቸው ሃይማኖታችንን ትተዋል በማለት ተነሣባቸው። ንጉሡ ከሁሉ አስቀድመው ለጃዕፈርና ለባልደረቦቻቸው ጀልባዎች አዘጋጁ። እርሳቸው ከተሸነፉ ስደተኞቹ ወደሚያዋጣቸው እንዲሄዱ፣ ካሸነፉ ግን እንዲቆዩ ነገሯቸው። ዙፋኑ በሚናወጥበት ሰዓት ስለ እንግዶቹ መዳን የሚያስብ ገዥ ስንት ይገኛል? ከዚያም ወደ ሕዝቡ ወጥተው በአገዛዛቸው ምን በደል እንዳዩ ጠየቁ። ሕዝቡም መልካም እንጂ ክፉ እንዳላየ መሰከረ። በእምነት ጉዳይ የተነሣውንም ቅሬታ በጥበብ አብርደው ደም ሳይፈስ በተኑት።

ስንብት

እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ሳሉ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲዳሩ መህሩን 400 ዲናር የከፈሉት ነጃሺ ናቸው። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ628፣ በአገሩ የቀሩትን ስደተኞች በሁለት መርከቦች አሳፍረው በክብር ሸኙ። ጃዕፈርም ነቢዩን ያገኟቸው በኸይበር ድል ጊዜ ነው።

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ630 እንደሞቱ ብዙዎች ዘግበዋል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሞታቸውን ዜና በሞቱበት ዕለት ለሶሐቦች ነገሩ። ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተው ሰዎችን አሰለፉና በ4 ተክቢራ ሰገዱባቸው። ሬሳው በሌለበት የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ መነሻ ማስረጃው ይኸው ነው።

በትውፊት የንጉሡ መቃብር የሚገኘው ከመቐለ በስተሰሜን፣ ከውቅሮ አለፍ ብሎ በሚገኘው በነጋሽ ነው። መስጊዱና መካነ መቃብሩ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ድንጋይ ይፈርሳል፤ ይጠገናልም። የፍርድ ታሪክ ግን የሚፈርሰው የሚተርከውና የሚሠራበት ሲጠፋ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዘመናችን ሹም የሚቆመው በዘውድ ሳይሆን በድምፅ ነው። ከዕድርና ከመስጊድ ኮሚቴ ጀምሮ እስከ ቀበሌና ምክር ቤት ድረስ እጃችንን እናወጣለን፤ ወረቀት እንጥላለን። ስንመርጥ እንደነዚያ ሹማምንት ወገን እየቆጠርን ይሆን? ነው ወይስ የሰውየውን ፍርድ እየመዘንን? ከመረጥነው በኋላስ ውለታችንን እንዲከፍለን እንጠብቃለን፣ ወይስ በእኛም ላይ ቢሆን እውነት እንዲፈርድ? ከእናንተ መካከል የተመረጣችሁም ብትሆኑ፣ ከችሎቱ በፊት በጓሮ በር የሚገባው ስጦታ ለማን ቃል መዝጊያ እንደመጣ ጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለንጉሡ ይዘንላቸው፤ ለእኛም የሚያዳምጡ ዳኞችን፣ የሚያስተውሉ መራጮችን ያድርገን። አሚን።