የፍትሐ ነገሥት ተርጓሚ፤ ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ

በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከጃማ ደጎሎ እስከ ቦረና መካነ ሰላም ባለው አገር፣ እንደ መላው ኢትዮጵያ ሁሉ፣ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እርምጃውን መግታት ይገባዋል። በዚህ አነጋገር ሕዝባችን ሕግንና እግዚአብሔርን አስተሳስሮ ኖሯል። ይሁን እንጂ በስሙ የሚማፀንበት ሕግ በየትኛው መጽሐፍ እንደ ተጻፈና ምን እንደሚያዝ አንብቦ የሚረዳው ጥቂት ሰው ነበር። ፍትሐ ነገሥት በግዕዝ ተጽፎ በሊቃውንት እጅ ተጠብቆ ቆይቷልና። ይህን መጽሐፍ ለሕግ ተማሪ፣ ለጠበቃና ለተመራማሪ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጳውሎስ ነሐሴ 25 ቀን 1921 በኤርትራ ምድር አዲፊኒ በተባለ መንደር ተወለዱ። መጋቢት 12 ቀን 1944፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። በኋላም ወደ ኢጣልያ ተሻግረው በሚላኖ በሚገኘው የቅዱስ ልብ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ሕግንና የፖለቲካ ሳይንስን ተምረዋል። በዚህም ዓይነት የአገር ቤቱ የግዕዝ ዕውቀትና የአውሮፓው የሕግ ትምህርት በአንድ ካህን ተገናኙ። የታላቁ ሥራቸው መሠረትም ይህ ግንኙነት ነበር።

ፍትሐ ነገሥትን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያዘጋጀው ኢብን አል አሳል የተባለ ግብፃዊ የቅብጥ ክርስቲያን ሊቅ ነው። ወደ ግዕዝ የመለሰው ጴጥሮስ ዐብደ ሰይድ እንደ ሆነ ይነገራል። ትውፊቱም መጽሐፉን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። መጽሐፉ በ51 አንቀጽ የተከፈለ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 22 አንቀጾች ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የቀሩት ደግሞ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ምስክር፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ ንጉሥና ስለ ቅጣት ይናገራሉ። ከባድ ነገር በነገሥታቱ ችሎት በቀረበ ጊዜ ሊቃውንቱ መጽሐፉን ዘርግተው የሚነካውን ቃል ያነቡ፣ በአማርኛም ይተረጉሙ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1960 የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ ታወጁ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3347 በሕጉ ስለ ተወሰኑ ጉዳዮች ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን የተጻፉም ሆኑ የልማድ ደንቦች ሻረ። የዚያው ሕግ መቅድም ግን ፍትሐ ነገሥትን በአክብሮት ያነሣዋል። በ1963 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ተማሪ የፈረንሳይንና የእንግሊዝን ሕግ በመጻሕፍት ሲያገኝ የገዛ አባቶቹን ሕግ ግን ግዕዝ ካልተማረ ሊመረምረው አልቻለም። ኢግናጽዮ ጉይዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሮማ ያሳተሙት ትርጉምም በኢጣልያንኛ ነበር።

ይህን ጉድለት ለመሙላት አባ ጳውሎስ ፍትሐ ነገሥትን ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐሙ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የግዕዙ ንባብ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ በመሆኑ ብዙ ስፍራ ይከብዳል፤ የሕጉን ቃል ለዛሬ ጠበቃ በሚገባው ስም መጥራትም የሕግ ባለሙያ ይሻል። ከዚህም በላይ ተርጓሚው ካቶሊካዊ ካህን ሲሆኑ መጽሐፉ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ የተዘጋጀ ነው። እርሳቸው ግን ዓለማዊውን ክፍል ብቻ መርጠው አልቀሩም፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ሥርዓት ጨምረው ለአንባቢ አቀረቡ። ትርጉሙ በፋኩልቲው መምህር በፒተር ስትራውስ አርታዒነት በ1968 በአዲስ አበባ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ የሚያገላብጡት መጽሐፍ ሆነ።

እግዚአብሔር ግን ለእኒህ ሊቅ ከመጽሐፍ የከበደ አደራ አዘጋጅቶላቸው ነበር። በ1973 የአዲስ አበባ ረዳት ጳጳስ ሆኑ፤ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። የካቲት 24 ቀን 1977 ሊቀ ጳጳሳት ሆነው ሲሰየሙ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ከያዙ ገና ሦስት ሳምንት ነበር። ቀይ ሽብር በተባለው በዚያ ዘመን ሰው ያለ ክስ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ፍርድ ይገደል ነበር። ስለ ዳኛና ስለ ምስክር የሚናገሩትን አንቀጾች ቃል በቃል የተረጐሙ አባት ሕግ በተጣለበት ከተማ መንጋ እንዲጠብቁ መደረጋቸው እንደ ምን ያለ ፈተና እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበል። እርሳቸውም ከ20 ዓመት በላይ በመንበራቸው ጸንተው አገለገሉ።

ወሎም በረኃብ ከተመታ በኋላ፣ ግንቦት 25 ቀን 1985፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ካርዲናል አድርገው ሾሟቸው፤ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያው ካርዲናል ሆኑ። የእኛ የደቡብ ወሎ ምድር የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2015 እስኪቋቋም ድረስ በአዲስ አበባ መንበር ሥር ስለ ነበረ፣ ብፁዕነታቸው ለዚህም አገር እረኛ ነበሩ።

በግንቦት 1998 በተወለዱበትና ባገለገሉበት አገር መካከል ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ በ77 ዓመታቸው፣ መንበራቸውን ለቀቁ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2003 በሮማ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። መጽሐፋቸው ግን አላረፈም፤ በ2009 በአሜሪካ ዳግመኛ ታትሟል።

ከሕይወታቸው የምንማረው ይህ ነው። ሕግ በታወቀ ጊዜ ደካማውን ይጠብቃል፤ በተሰወረ ጊዜ ግን የጉልበተኛ መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ሕግን ለሕዝብ መግለጥ ራሱ የምሕረት ሥራ ነው። በችሎት የምትቀመጡ ዳኞች፣ ለተገፋ የምትሟገቱ ጠበቆች፣ በዛፍ ጥላ ሥር የተጣላ የምታስታርቁ ሽማግሌዎች፣ የምትፈርዱበትን ሥርዓት ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። እግዚአብሔር የብፁዕ አባታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን። አሜን።